ብርዝ

ማክሰኞ ማታ ሳር ቤት አካባቢ አንድ ካፌ ገባሁ። አስተናጋጇ "ምን ልታዘዝ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ያልሰማሁ መስሏት ደገመችልኝ።

11 ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔን የሚጠይቁኝ "ያው ነው?" ብለው ነበር። "ያው!" እላለሁ፣ ጃምቦ ድራፍት ይመጣል። ከአራተኛው በኋላ እሱንም የሚጠይቅ የለም። የማክሰኞ ዕለት ሻይ አዘዝኩ። ሻይ እንደማልወድ የገባኝ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው።

ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ስለ ማቆሙ ብዙ አልጽፍም። እጄ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲጀምር በራሴ እልህ፣ በአንድ ቀን ልተወው ነበር። የያዘኝ ሐኪሙ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ ሲብስም ሊገድለው ይችላል አለኝ። በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ተደግፌ ወጣሁ። ከዚያ በፊት መመኪያዬ ሁዳዴ ነበር። "55 ቀን ጠብ ሳያደርግ የሚቆይ ሰው ሱሰኛ ይባላል እንዴ?" እያልኩ ስንቱን ተከራክሬያለሁ። ቅበላ ላይ የጾሙን ድርሻ አስቀድሜ እንደምጠጣው ግን አላነሳም። አምና ሁዳዴን ገና በሦስተኛው ሳምንት ጣስኩት። ክርክሩም እዚያው አበቃ።

መጠጡስ ከሰውነት ይወጣል። የከበደኝ ሌላው ነው። ለካ ስለ ራሴ የማውቀው ነገር ሁሉ ማታ ማታ የተገኘ ነው። ተጫዋች ነኝ። ቁርጥ ወዳጅ ነኝ። እጄ የማይሰስት ነኝ።

ከቁርጡ ልጀምር። ጥር ላይ አንድ ጓደኛዬ ጋበዘኝ። አምቦ ውሃዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለቴ ጎርሼ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልወደውም! ያን ያህል ዓመት ያሞገስኩት ነገር ያለ አረቄ ቀዝቃዛ ሥጋ ሆኖ ቀረ። የምወደውስ? ደስታ ከረሜላ። በዚህ ዕድሜዬ ኪሴ የከረሜላ ወረቀት ሞልቶታል። (መጠጥ የተወ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል ይላሉ። ይሁን።)

ጨዋታው ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ቀልድ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ እንደሚነገር አላውቅም ነበር፤ ነጋሪው እኔ ነበርኩና። አሁን ቁጭ ብዬ ስሰማ ቆጠርኩት። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ "አንተ እኮ ድሮ ተጫዋች ነበርክ" አለኝ። ድሮ! ሰባት ወር! ስቄ ዋጥኩት። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በእግሬ ስመለስ ግን ዝም ብሎ መሄዱ ደስ አለኝ። ትዝ አለኝ፣ አሥረኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የቀመስኩትም አፌን እንዲፈታልኝ ብዬ ነው።

ለጋስነቴን ገና አልለየሁትም። ሞቅ ሲለኝ የማስቲካ አዟሪውን ልጅ ዕቃ ጠቅልዬ እገዛው ነበር። በቀደም አገኘኝና "ጋሼ፣ ዛሬስ?" አለ። ኪሴ ገባሁ፣ ቆጠርኩ፣ አንድ ገዛሁ። አመስግኖኝ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደግነቱ የኔ ነበር ወይስ የድራፍቱ?

ትልቁ ፈተና ያለው ግን ቤት ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣው። ከእናቴ ጓዳ ማን ያስወጣዋል? እማዬ የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ተራዋ ሲደርስ ጌሾውን ራሷ ትወቅጣለች፣ ጋኑን በወይራ ታጥናለች። የሷን ጠላ እምቢ ማለት እሷን እምቢ ማለት ነው። ገና ላይ ብርጭቆውን ስመልስላት ፊቷ ተለወጠ። "ምን ጎደለው?" ነው ያለችኝ። የጎደለው እሱ እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ባለፈው ሳምንት፣ ግንቦት 12፣ ተራዋ ነበር። ማኅበርተኞቹ ባሉበት በብርሌ ብርዝ ይዛልኝ መጣች። ማርና ውሃ፣ ጌሾ ያልገባበት። ለሕፃናትና ለማይጠጡ ሰዎች የሚቀርበው። አንዲት እናት "ምነው፣ ልጅሽን አሞታል እንዴ?" አሏት።

"ኧረ ደህና ነው። እሱ ብርዝ ነው የሚወደው" አለች፣ ከምትቀዳው ጠላ ቀና ሳትል።

መውደዴን ማን ጠየቀኝ! ቀመስኩት። ይጣፍጣል፣ ከከረሜላውም ይብሳል። እንግዶቹ ሲወጡ ብርሌውን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

"እማዬ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሪበት። ለኔ ቀጠን ሲል ነው።"

"እንዲህ በል እንጂ" አለችና ጆጉን አነሳች።