ሞተር የሌለው ቦዲ

«ደንበኛ የጠየቀሽን ሽጪለት፤ ያልጠየቀሽን አትንገሪው።» የጋሼ ደንብ ይህ ነበር። ካሜራ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ ባንኮኒው ላይ የምቆም ሻጭ ነበርኩ። በዚህ ደንብ ምክንያት ደጋግመን ተጋጭተናል። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የአንዱ ልጅ ነገር ግን ዛሬም ሲነሣ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ልጁ የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ መጣ። ዕቁብ ወጥቶለት ብሩን በፖስታ አድርጎ ይዟል። እንደማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። መልሴም ያው ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። መደርደሪያችን ላይ ከነበሩት ትንሹ 18 ነበር። ስለዚህ እሱን ተወውና ስለ ሌላው እናውራ እላለሁ።

ሌላው ደንበኛን የሚያስጨንቀው ስም ነው። አንድ ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ ያለች እህቱ ካኖን ሬብል ቲ5አይ የላከችለት ሰው እየተናደደ መጣ። «700ዲ ነበር ያልኳት፤ ሌላ ነገር ሸጠውላታል፤ ቀይሩልኝ» አለ። ሁለቱ እኮ አንድ ካሜራ ናቸው። አሜሪካ ሲሸጥ ሬብል ቲ5አይ፣ ጃፓን ሲሸጥ ኪስ ኤክስ7አይ፣ አውሮፓና እኛ ጋ ሲመጣ 700ዲ ይባላል። ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ አሳየሁት። እህቱን በስልክ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ጋሼ ያን ቀን አኮረፉኝ። «ጨምሮ ይቀይር ነበር፤ ምን አስለፈለፈሽ?» አሉኝ። የሰውየውን ጠባይ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ምን ልታነሣበት ነው?» አልኩት።

«ማኅሌት» አለኝ።

በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ይህን ስጠይቀው «ሁሉንም» ነው የሚለኝ። ሁሉንም ለሚያነሣ ሰው ካሜራ መምረጥ አይቻልም። ይህ ልጅ ግን ሐሳቡ የጠራ ነበር። የሰፈሩ ደብር ሰንበት ተማሪ ነው። ከአለቃው ፈቃድ አግኝቷል። በዓል ሲሆን ሌሊት ገብቶ ሊቃውንቱን ማንሣት ይፈልጋል። ወደፊት ሠርግ መሥራትም ያምረዋል። ስለ መብራቱ ጠየቅኩት። «አንድ ሁለት አምፖል አለ፤ ከዚያ ጧፍ ነው» አለ። ፍላሽ መጠቀም አይችልም፤ ሊቃውንቱን ይረብሻል።

ያኔ ሥራው ቀለለኝ። ከቦዲው፣ ማለትም ከካሜራው አካል፣ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ቀን ላይ ምንም አይወጣለትም። ሙሉ በሙሉ ስታቀርበው ግን አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከ5.6 በላይ አይከፈትም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.8 የሚከፍት ሌንስ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በጧፍ ብርሃን ለሚያነሣ ልጅ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው። ቦዲው ርካሹ ይሁን፤ የተረፈው ለሌንስ ይዋል አልኩት። ኒኮን ዲ3400 አወጣሁለት። እንደ አውሮፓውያን በ2016 የወጣ፣ ቀለል ያለ፣ ለጀማሪ የሚመች ካሜራ ነው። ከጎኑ 35 ሚሊ 1.8 ጂ የሚባለውን ሌንስ አስቀመጥኩለት። በዓይኑ አስጠግቶ አየበት። ደጋግሞ ተጫነው። ወንድሙን አማክሮ ከሰዓት እንደሚመለስ ነግሮኝ ወጣ።

የተመለሰው እኔ ምሳ በወጣሁበት ሰዓት ነው። ስገባ ጋሼ ፈገግ ብለዋል። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ባየሁ ጊዜ ሆዴን ባር ባር አለኝ። 35ቱ ጂ አለ። የጠፋው ሌላ ነው፤ አልሸጥ ብሎ ስንት ጊዜ የተቀመጠው 50 ሚሊ 1.8 ዲ።

ካሜራ የማይሠራ ሰው ጂ እና ዲ ምን ልዩነት አላቸው ይል ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው። እንደዚህ 50 ያሉ አብዛኞቹ ዲ የተጻፈባቸው ሌንሶች ፎከስ የሚያደርጉበት ሞተር በውስጣቸው የለም። የሚያዞራቸው ቦዲው ነው። ሌንሱ በሚገጠምበት አፍ ላይ የካቻቢቴ ጫፍ የምትመስል ትንሽ ብረት አለች፤ እሷ ሌንሱ ውስጥ ገብታ ታዞረዋለች። ዲ7100 ላይ አለች። ዲ90 ላይ አለች። ኒኮን ግን ካሜራው እንዲያንስና እንዲረክስ ብሎ ከ2006ቱ ዲ40 ጀምሮ ከጀማሪ ቦዲዎቹ ላይ አውጥቷታል። ዲ3400 ላይ የለችም። እዚያ ላይ እንዲህ ያለ ዲ ሌንስ ብትገጥም ይገጠማል፤ ፎቶም ያነሣል። በራሱ ፎከስ ማድረግ፣ ኦቶፎከስ፣ ግን የለም። 35ቱ ጂ ግን ሞተሩ ራሱ ውስጥ አለ።

ይባስ ብሎ ጋሼ 18-55ቱን ከቦዲው ለይተው አስቀርተውታል። «ብሩ አልሞላለትም፤ ረዳሁት» አሉኝ። ልጁ በቤቱ አንድ እንኳ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ሌንስ የለውም ማለት ነው።

በሳምንቱ መጣ። ካሜራውን በሻሽ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎታል።

«እህቴ፣ ተበላሽቶብኛል መሰለኝ» አለኝ። «መጀመሪያ ኤፍ ኢ ኢ የሚል ነገር ጽፎ እምቢ አለ። የሌንሱን ቀለበት ሳዟዙረው እሱ ጠፋ። አሁን ደግሞ ፎከስ አያደርግም። ስጫነው ድምፅ እንኳ የለውም።»

ጋሼ ከእኔ ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ተቀበሉት። ገለበጡት። አፉን ከፍተው በባትሪ አዩት። «እምም» አሉ። «አቧራ ገብቶበታል። ተወውና ሐሙስ ና። ለሰርቪስ ትንሽ ትከፍላለህ።»

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ገና ሳምንቱ የሆነ ካሜራ ነው። እጁን ወደ ኪሱ ላከ።

«ጋሼ፣ ካሜራው አልተበላሸም» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት «ዝም በይ» ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አለ ልጁ።

«ምንም አልሆነም። ይሄ ቦዲ ሞተር የለውም። ይሄ ሌንስም ሞተር የለውም። ከሁለቱ አንዱ ሊኖረው ይገባ ነበር።»

ዝም አለ። ካሜራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋሼን አየ። ሰርቪስ ክፈል የተባለበትን ነገር ከዚህ ጋር ሲያገጣጥመው ከፊቱ ላይ ይነበባል። ጋሼም ገባቸው። ቶሎ ብለው ወሬውን አዞሩት። «ፎከስ እኮ በእጅም ይደረጋል! እኛ ፊልም በነበረበት ዘመን በእጃችን አይደል እንዴ የምናነሣው? የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር በመጫን ብቻ ይሁን ትላላችሁ።»

እኔን ያበገነኝ ይህ ነው። የተናገሩት ውሸት አይደለም። በእጅ ፎከስ ይደረጋል፤ ፎቶ ሲነሣ የኖረው እንደዚያ ነው። ግን ይህን ለልጁ መንገር የነበረባቸው ብሩን ከመቀበላቸው በፊት ነው። ከዚያም በላይ፣ ከደቂቃ በፊት «አቧራ ነው» ብለውት ነበር። እውነቱን የተናገሩት ውሸታቸው ስለተያዘባቸው ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከደመወዜ ይቆረጥና ጂው ይሰጠው አልኩ። ጋሼ «ሱቁ የማነው?» አሉኝ። ልጁ ራሱ ገላገለን። «ግድ የለም እህቴ፣ ነገር አይጨመርብሽ። እንዴት እንደሚደረግ ብቻ አሳዪኝ» አለ።

አሳየሁት። የአፐርቸሩን ቀለበት 22 ላይ አድርጌ ቆለፍኩለት፤ ኤፍ ኢ ኢ የሚመጣው ቀለበቱ ከዚያ ሲንቀሳቀስ ነው። ማያው ውስጥ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ አሳየሁት። ሌንሱን በእጅህ ስታዞር ፎከሱ ሲገጥም ትበራለች አልኩት። በ1.8 ከፍተህ በቅርብ ስታነሣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ጆሮው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ ፎከሱን ዓይን ላይ አድርግ አልኩት። ባንኮኒው ላይ ሆኖ የእኔን ፊት እያነሣ ተለማመደ። አብዛኛው ደብዛዛ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማሪ ሲመጣ አንድ ነገር አላልፍም። ብር ከመቆጠሩ በፊት ሌንሱን ራሱ በሚገዛው ቦዲ ላይ እገጥማለሁ። በራሱ እጅ በግማሽ ይጫነዋል፤ ፎከስ ሲያደርግ በዓይኑ ያያል። ያገለገለ ከሆነ አንድ ፎቶ አንሥቼ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ ማለትም ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሣ፣ አሳየዋለሁ፤ ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው መደበቅ ያስቸግራል። ሰፈሩ ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ጓደኛ እንዳለውና ጓደኛው ምን እንደሚጠቀምም እጠይቃለሁ። ጓደኛው ካኖን ከያዘ እሱም ካኖን ይግዛ። ሌንስ መዋዋስ ለጀማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

ልጁ የተመለሰው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሜሞሪ ሊገዛ ነበር። ፎቶዎቹን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት።

የኅዳር ጽዮን ሌሊት ያነሣቸው ናቸው። አንዷ ላይ ቆምኩ። አንድ መሪጌታ ጸናጽላቸውን ከፍ አድርገዋል። የጸናጽሉ ቅጠሎች በእንቅስቃሴው ደብዝዘው የብርሃን ጭረት ሆነዋል። ከኋላ ያሉት ሊቃውንት ነጭ በነጭ ሆነው ይታያሉ። የመሪጌታው ዓይን ግን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ውስጥ የጧፉ ነበልባል አለ።

«ይህን በእጅህ ነው ፎከስ ያደረግከው?» አልኩት።

«ወረቡ ሲሞቅ እኮ ወደፊት መጥተው ወደ ኋላ ይመለሳሉ» አለኝ። «መቋሚያቸው የሚያርፍበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ዜማውንም አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ፎከስ አድርጌ እጠብቃለሁ። ሲደርሱ እጫነዋለሁ።»

ጂው ያን ጊዜም መስታወቱ ውስጥ ነበር። ልዩነቱን እኔ ልሸፍንልህና ለውጠው አልኩት። «አይ እህቴ፣ ለምጄዋለሁ» አለ። ሜሞሪውን ገዝቶ ሄደ።

ጋሼ ሁሉንም ሲያዳምጡ ቆይተዋል። «አየሽ?» አሉኝ። «እኔ የሸጥኩለት ነው ሰው ያደረገው።»

ይህን «አየሽ?» ልውጠው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሰው ሁሉ የልጁን ታሪክ መናገር ጀመሩ፤ የሰርቪሱን ነገር ቆርጠው ያወጡታል። ልጁን የጠቀመው ዲ ሌንስ አይደለም። ልጁን የጠቀመው ማኅሌቱን ማወቁ ነው። እግሩ የት እንደሚያርፍ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚነሣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ጂው ቢኖረው ኖሮ ከኅዳር በፊት የተቃጠለበትን ጊዜ አይቃጠልም ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ ካሜራዋን ልትሸጥ መጣች። ዲ5300 ነው፤ እሱም ሞተር የለውም። የተገጠመበት 50 1.8 ዲ ነው። የሸጡላት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ከመቀጠሬ በፊት። የሕፃናት ልደት ልታነሣ ነበር ሐሳቧ። ሕፃን ደግሞ ወረብ አያውቅም፤ የት እንደሚሮጥ ማንም አያውቅለትም። ሻማ የሚነፋበት ቅጽበት አንድ ናት። ፎቶዎቹ ደብዛዛ ሆነው ወጡ። የልደቱ ባለቤቶች አልከፍልም አሏት። ሁለተኛውም እንደዚያ ሆነ። «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ሌንሱን ነቅዬ የእኛን ጂ ገጠምኩላትና ተጫኚው አልኳት። ወዲያው ጥርት አለ። ካሜራውን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችበት። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ…» ብላ ተወችው። ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ብሩን ለቤት ኪራይ ትፈልገዋለች። ጋሼ ከገዛችበት ዋጋ ግማሽ በማይሞላ ብር ካሜራውን ገዙት።

ካሜራውን ከነሌንሱ ጠረግ ጠረግ አድርገው መስታወቱ ውስጥ አቆሙት። «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ወረቀት ለጠፉበት። ሊዘጉ ሲሉ እኔ ሌንሱን ነቅዬ ዲ7100ው ጎን አስቀመጥኩት፤ እዚያ ላይ ይሠራል። ጠዋት ስገባ ተመልሶ ዲ5300ው ላይ ተገጥሟል። ደመወዜን ተቀብዬ የለቀቅኩት በዚያው ወር ነው።