‹ይችላል› ከሚለው ሣጥን ባሻገር
ዛሬ በቪዲዮ ስብሰባ ከኒውዚላንድና ከጣሊያን የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ጋር ተወያየን። የኒውዚላንዷ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሀገሯ የቅድመ መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት ስያሜ፣ ‹ቴ ፋሪኪ›፣ በሀገሩ ነባር ሕዝብ በማኦሪዎች ቋንቋ የተሸመነ ምንጣፍ ማለት እንደሆነ ከነገረችን በኋላ፣ ስለ አንድ የአራት ዓመት ልጅ የጻፈችውን ማስታወሻ አነበበችልን፤ ልጁ ውሃ ከጆግ ወደ ኩባያ ሲቀዳ ሦስት ጊዜ አፍስሶ፣ በአራተኛው ኩባያውን በግራ እጁ ደግፎ መያዙን አንድም ሳታስቀር መዝግባዋለች። ከጣሊያኗ ከተማ ከሬጆ ኤሚሊያ የተገኘችው መምህርት ደግሞ የልጆቹን ንግግር ከሥዕላቸው አጠገብ ግድግዳ ላይ እንደሚለጥፉ አሳየችን።

እኔ ግን ለዓመታት የልጆችን ችሎታ ስመዝን ‹ይችላል›፣ ‹አይችልም› በሚሉ ሣጥኖች ላይ ምልክት ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ ያቺ ግራ እጅ በየትኛው ሣጥን ትገባ ነበር? (ጥያቄው እስካሁን እንቅልፍ ነሥቶኛል።) ነገ ጠዋት ባዶ ደብተር ይዤ ልጆቹ በውሃ ከሚጫወቱበት ገበታ አጠገብ እቀመጣለሁ።