የሟቿ ቀሚስ

የስክሪፕት አርታኢ ነኝ። ደራሲ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ፣ የማያስኬድ ነገር ካለ "ይሄ አይሄድም" እላለሁ። ከሁሉም የሚያደክመኝ የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። ተመልካቹ ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሞ ካወቀ ይስቅብናል። ጭራሽ ካልገባው ደግሞ ሪሞቱን ያነሳል።

አንድ ጊዜ ስምንት ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ መጣልን። ደራሲው ወጣት ነው፤ ብዕሩ ይጣፍጣል። እስከ አምስተኛው ክፍል ታሪኩ ይሮጣል። ስድስተኛው ላይ ቀጥ ይላል። መርማሪው ፍንጭ ሲያልቅበት አንድ ሰካራም ከመሬት ተነስቶ "እኔ ገዳዩን አይቼዋለሁ" ይለዋል። ሰካራሙ ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያም በኋላ የለም። "አውጣው" አልኩት። "ካወጣሁት ታሪኩ አያልቅም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አያልቅም።

የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝርም እዩልኝ። "ዋና መርማሪ፦ 48 ዓመት፣ ብልህ፣ ብቸኛ፣ ያለፈው ሕይወቱ እረፍት የሚነሳው..." እያለ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ወደ ሴቶቹ ስንመጣ፦ "ሟች፦ 26፣ እጅግ ውብ።" "ረዳት መርማሪ፦ 30፣ ቆንጆ።" "የመርማሪው ሚስት፦ ታለቅሳለች።" በቃ። ረዳቷ ፖሊስ ትባል እንጂ ሥራዋ መጠየቅ ነው። "ግን እንዴት አወቅክ?" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ለእሷ እያስመሰለ ለእኛ ያስረዳል።

ፕሮዲውሰሩ "ነገሩ እውነት እንዲመስል" ብሎ ጡረታ የወጡ የነፍስ ግድያ መርማሪ በአማካሪነት አመጣ። ሴት ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ተዋንያኑ ጠረጴዛ ከበው ማንበብ ሲጀምሩ እርሳሳቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ትዕይንት ተነበበ። ሟቿ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ቀይ የራት ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል፣ ከንፈሯ ተቀብቷል፣ የተኛች ትመስላለች።

"መቼ ነው የሞተችው?" አሉ።

"ማታ ሦስት ሰዓት" አለ ደራሲው።

"መቼ ተገኘች?"

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።"

"እንግዲያው የተኛች አትመስልም፣ ልጄ። ልብ ሲቆም ደም ወደ ታች ይወርዳል። በጀርባዋ ከሆነች ጀርባዋ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ፊቷ ገርጥቷል። መንጋጋዋ ገና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ገላዋ በሙሉ ድርቅ ብሏል።" ገጹን ገለጡ። "ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች?"

"አዎ።"

"ታዲያ የራት ቀሚስ ለምን ለበሰች?"

ደራሲው አመነታ። "ለ... ለካሜራው።"

"እንግዲያው ገዳይዋ ካሜራማኑ ነው" አሉ።

ሳቅ በሳቅ ሆንን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ሥራዋ ምን ነበር? የሒሳብ ሠራተኛ። ሁለተኛው ክፍል ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፣ ከዚያ ተረስቷል። በዚያ ሳምንት የማንን ሒሳብ ትሠራ ነበር? የመጨረሻውን ስልክ ለማን ደወለች? ምሳ ምን በላች? የቤቷ ቁልፍ ማን ጋ አለ? ደራሲው አንዱንም አያውቅም። ስለ ዋናው መርማሪ የልጅነት ውሻ ግን ሦስት ገጽ ጽፏል።

"እኛ ምርመራ ስንጀምር ስለ ገዳዩ የምናውቀው ነገር የለም" አሉት። "እጃችን ላይ ያለችው ሟች ብቻ ናት። የመጨረሻዎቹን 24 ሰዓታት ወደ ኋላ እየቆጠርን እንሄዳለን፤ የት ዋለች፣ ከማን ጋር ተጣላች፣ ምን ፈርታ ነበር። አንተ ሟችን አታውቃትም። መርማሪህ ምን ይመርምር? ሰካራም ያስፈለገህ ለዚህ ነው።"

ይህን ጉዳይ የሚያነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንደ ጨዋነት ያነሱታል። ሴትን እንዲህ አድርጋችሁ አትሳሉ፣ ነውር ነው ይላሉ። ነውርም ነው። እኔን ግን ከነውሩ በፊት የሚያበሳጨኝ ስንፍናው ነው። ሟቿን ሥዕል አድርጎ አልጋ ላይ ያስቀመጠ ደራሲ ከታሪኩ ውስጥ ትልቁን የፍንጭ ምንጭ በገዛ እጁ ዘግቷል።

የቁጥሩም ነገር አለ። በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከሚገደሉ ሰዎች 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ወንዶች ናቸው። በድራማ መንደር ግን ሞታ የምትገኘው ብዙ ጊዜ ሴት ናት፣ ያውም ወጣት፣ ያውም ውብ። ነገሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የመርማሪ ታሪክ የሚባለው የኤድጋር አለን ፖ ድርሰት በ1841 እ.ኤ.አ. ሲወጣም ሟቾቹ እናትና ልጅ ነበሩ። ገዳዩስ? በእኛ ስክሪፕት ጓንት ያጠለቀ፣ ዝናብ የሚወድ እንግዳ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ሌላ ይላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከተገደሉት 85,000 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ 51,100 ያህሉ የተገደሉት በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው አለዚያም በቤተሰባቸው አባል ነው። አማካሪያችን የቁልፉን ነገር ያነሱት ወደው አይደለም።

ደራሲው ቅር ብሎት ሄደ። ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ረዳት መርማሪዋ አሁን ሦስት ወንድ በእግሯ ትዘርራለች። ውስኪ ትጠጣለች፣ እንቅልፍ የላትም። ልጅ ሳለች ተደፍራለች፤ ፖሊስ የሆነችውም በዚሁ ምክንያት ነው። "ጠንካራ አደረግኳት" አለ በኩራት።

አማካሪያችን መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ሰው በእግሬ መትቼ አላውቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ቃል ስቀበልና ወረቀት ስሞላ ነው። ለመሆኑ ዋናው መርማሪህ ፖሊስ የሆነው ለምንድነው?"

"ሥራውን ስለሚወድ።"

"እሷም ትውደደው፣ ምን አለበት?"

እረፍት ላይ ለደራሲው ስለ አንድ የእንግሊዝ ድራማ ነገርኩት፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለወጣው ፕራይም ሰስፔክት። ደራሲዋ ሊንዳ ላ ፕላንት ስትጽፈው በለንደን ፖሊስ ከፍተኛ መርማሪ የነበረችውን ጃኪ ማልተንን አማክራለች። እዚያ ውስጥ ወንዶቹ መርማሪዎች የሟቿን ማንነት ተሳስተዋል። ሌላ ሴት ናት ብለው መዝገቡን ይዘው እየሮጡ ነው። ስህተቱን ያየችው ጉዳዩን የተረከበችው ሴት አለቃ ናት። ያየችውም ጉልበት ስላላት አይደለም፤ ሟቿን ደግማ ስላየቻት ነው።

ልጁ ብልጥ ነው። ዝም አለ፣ ከዚያ "ቀሚሱ!" አለ። ቀሚሱን ለካሜራ ብሎ እሱ ካለበሳት፣ በታሪኩ ውስጥም ሌላ ሰው ሊያለብሳት ይችላል። ሮጦ ወደ አማካሪዋ ሄደ። ከሞተች በኋላ ልብሷ ቢቀየር ይታወቃል ወይ? ይታወቃል አሉት። ጠበቅ ያለ ልብስ የተጫነው ቦታ ላይ ደም ስለማይወርድ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ልብሱ ቢወልቅም መስመሩ አይሄድም። በዚያ ላይ የደረቀ ገላ ማልበስ ከባድ ነው፤ ክንዱ አይታጠፍም።

አዲሱ ታሪክ ከዚህ ተወለደ። ሟቿ የእጮኛዋን ድርጅት ሒሳብ ስትመረምር የጎደለ ገንዘብ አገኘች። እጮኛዋ የቤቷ ቁልፍ አለው። በድሮው ስክሪፕት ቀብር ላይ ከማልቀስ ሌላ ሥራ አልነበረውም። አሁን ገድሏት ሌሊቱን እዚያው ይቆያል። ሊነጋ ሲል ሌላ ወንድ እየጠበቀች የሞተች እንድትመስል ቀዩን ቀሚስ ያለብሳታል። ፖሊሶቹም ያምኑታል። ዋናው መርማሪ ራሱ ቆንጆ ሴት፣ ቀይ ቀሚስ፣ ድብቅ ፍቅረኛ ብሎ ደመደመ። ረዳቷ ግን አስከሬኑ ሲገለበጥ ወገቧ ላይ የሱሪ ቀበቶ ያሳረፈውን ነጭ መስመር አየች። የቀሚሱ ዚፕም ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የተዘጋው። "ይቺ ሴት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው የሞተችው" አለች። ወዲያው ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ የዚያን ሳምንት መዝገብ አስከፈተች።

ሰካራሙ ወጣ። ውሻውም ወጣ፤ ለውሻው ደራሲው ትንሽ ተከራክሯል። የሚስትየዋ ነገር አሁንም አላማረኝም፤ ማልቀሷን ትታ ስልክ መደወል ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ጣጣው የመጣው ከወዲያኛው በኩል ነው። ሟቿን የምትጫወተው ተዋናይት ለአንድ ቀን ቀረጻ ነበር የተዋዋለችው። ተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ተከፍሏት ልትሄድ። አሁን ስድስት ክፍል ውስጥ በትዝታ ትመጣለች። ሒሳብ ትሠራለች፣ ከእጮኛዋ ጋር ትከራከራለች፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ትስቃለች። ውሉ እንደገና ተጻፈ። ፕሮዲውሰሩ ሲፈርም "ለሞተች ሰው ይሄን ያህል ከፍዬ አላውቅም" ብሎ አጉረመረመ። ፈረመ ግን።