የጨረቃ ሐዲድ ሞዴሌና የመገጣጠሚያው ፈተና

ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠረጴዛዬ ላይ የዘረጋሁት የጨረቃ ሐዲድ ሞዴል፣ ማለትም ጨረቃ ላይ ሊዘረጋ የሚችል የባቡር ሐዲድ ትንሽ አምሳያ፣ ጋሪውን አንድም ጊዜ ሳያስት ከዳር እስከ ዳር አሳለፈልኝ፤ ደስታዬ ትልቅ ስለሆነ በዚሁ ሥራ ለምትደክሙ ወዳጆቼ ልምዴን ላካፍል ወደድሁ። ጋሪውና ሞተሩ በሁለት ሳምንት ስላለቁ ስለ እነሱ ብዙ አልልም።

ወራት የፈጀብኝ የሐዲዱ መገጣጠሚያ ነው። በጨረቃ ወገብ አካባቢ የቀኑ ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ከ130 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ልዩነት 10 ሜትር የብረት ሐዲድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መልሶም ያጥራል። በምድር ላይ ረጅሙን ብየድ ሐዲድ ጠጠሩና ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው አግዳሚ አንቀው ይይዙታል፤ በጨረቃ ግን የሁሉም ክብደት ወደ አንድ ስድስተኛ ስለሚወርድ የጠጠሩ ጉልበት ይላላል። ስለዚህ በመገጣጠሚያው ላይ ክፍተት መተው ግድ ነው ባይ ነኝ።

ግማሽ ሜትር የአሉሚኒየም ዘንግ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ በ60 ዲግሪ ውሃ ስነክረው፣ በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት በሚለካ መሣሪያ) የለካሁት ለውጥ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም። ሆኖም በሞዴሌ ላይ ሐዲዱ ሲቀዘቅዝ በሰፋው ክፍተት አቧራ ገባበትና፣ ሲሞቅ የሚሄድበት ቢያጣ መሃሉ ላይ ጎበጠ። እዚህ ላይ ስህተቴን ልናገር፦ መጀመሪያ የሞከርሁት በወንዝ አሸዋ ነበርና ችግሩ አልታየኝም። የወንዝ አሸዋ ውሃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ነው፤ የጨረቃ አቧራ ግን ውሃም ነፋስም ስላልነካው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ስለታም ነው። በታኅሣሥ ወር 1972 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ላይ የወረዱት የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች የተሽከርካሪያቸው የጭቃ መከላከያ ቢሰበርባቸው በካርታና በማጣበቂያ ፕላስተር የጠገኑት አቧራው መከራ ስላሳያቸው ነበር። ጥቁር ድንጋይ አድቅቄ ስሞክር እውነቱ ወጣ።

መፍትሔ የሆነኝ የሐዲዱን ጫፎች በሰያፍ ቆርጦ ጎን ለጎን ማንሸራተትና መገጣጠሚያውን በሁለት አግዳሚዎች መካከል አንጠልጥሎ ሥሩን ባዶ መተው ነው፤ አቧራው ወደ ታች ይረግፋል። በኮምፒውተር ስሌት ብቻ የሚጀምሩ ወዳጆቼን እባካችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ ሞክሩት እላለሁ።

ፍሬኑን ግን ገና አልፈታሁትም። ጋሪው ሐዲዱን የሚጫንበት ኃይል ቢቀንስም ግዝፈቱ (የያዘው የቁስ መጠን) ያው ስለሆነ፣ በመንኮራኩር ሰበቃ ብቻ ለመቆም በምድር ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። አሁን የጋሪውን ክብደት አምስት ስድስተኛ ከላይ አብሮት በሚሄድ ክር አንጠልጥዬ ለመለካት እየተዘጋጀሁ ነው።