ጀርባው የተረሳው ጣውላ

በአንድ የሥዕል ስቱዲዮ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእመቤታችን ሥዕል ነሐሴ ላይ አልቆ ለባለቤቱ ተሰጠ። ጣውላው ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ዋንዛ ነው። ፊቱ ስድስት እጅ ጀሶ ጠጥቶ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሷል። ጀርባው ግን ባዶውን ቀረ፤ ወደ ግድግዳ የሚዞር ነገር ማን ያየዋል ተባለ።

ኅዳር ላይ ሥዕሉ ተመለሰ። ማስመሪያ አግድም ሲደረግበት መሐሉ አብጧል፤ በሁለቱ ጠርዝ በኩል እርሳስ ያሾልካል። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ፊቱን ጀሶና ቀለም ስለደፈነው እርጥበቱ የሚገባውም የሚወጣውም በጀርባ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጀርባው ቀድሞ ደረቀና ጣውላውን ጎተተው።

የባሰው ጥፋት ግን ጥገናው ነው። አናጺው በሞርሳ ጨምቆ አቃናውና ሁለት ሞራሌ በኮላና በብሎን አግድም ጠፈረበት። ጣውላው ግን መድረቁን አላቆመም፤ መሸሻ ሲያጣ ጥር ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጀሶውን ገምሶ በእመቤታችን ጉንጭ ላይ አለፈ። የሁለት ወር ድካም ነበር፤ ያሳዝናል።

ጣውላ ሲገዛ ፊቱን ሳይሆን የተቆረጠ ጫፉን ማየት ነው። ቀለበቶቹ ከፊቱ አንጻር ቀጥ ብለው የቆሙለት፣ እንደ ቀስት ከጎበጡበት በግማሽ ያህል ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ጀሶ ፊቱን በነካ ቁጥር ጀርባውም ጠርዙም እኩል ይቀባ። ሞራሌ የግድ ካስፈለገ ያለ ኮላ በቦይ ውስጥ ይግባ፣ እንጨቱ እንዲንሸራተትበት። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የሣለው ጀሶ በተቀባ እንጨት ላይ ነው፤ የጥንት የእንጨት ሥዕሎቻችን ብዙዎቹ ትንንሽ መሆናቸውም ለእንጨቱ በጅቶታል።

ለሰፊ ሥዕል ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ ሽፋኖቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ቺፕውድ ግን አይታሰብ፤ ጠርዙ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ተመልሶም አይሟሽሽም።

የተመረጠው ጣውላ ጀሶ ሳይነካው ሁለት ሳምንት በጠርዙ ቆሞ፣ አየር በሁለቱም በኩል እያገኘው ይቆይ። ከዚያ ማስመሪያው ሥር ብርሃን ከታየ ሌላ ጣውላ ይፈለግ።