ተቀጽላ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሆዴም ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብፈልግ የማገኘው የእሑዷን ቃል ብቻ ነው። ዘጌ ላይ፣ ቡናው መሀል ቆመን፣ ባረጀ ዋንዛ ግንድ ላይ የተለጠፈ ኦርኪድ ሳሳያት እታለም እየሳቀች፦ «ምን ኦርኪድ ትለዋለህ? ተቀጽላ ነው እንጂ፤ ልክ እንዳንተ» አለችኝ። ቤቷ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነውና ዝም አልሁ።

የምመልሰው ግን ነበረኝ። ተቀጽላ ሥሩን ወደ ዛፉ ገላ ሰድዶ ውኃውን ይመጥጣል፤ ኦርኪዱ ከዛፉ የሚሻው መቀመጫ ብቻ ነው። ሥሮቹ ሲደርቁ አመድ ይመስላሉ፤ እሷ ቀድማኝ ስትሄድ ከያዝሁት ፕላስቲክ ጠብ ባደርግባቸው፣ ስፖንጅ መሰሉ ሽፋናቸው ውኃውን ጠጥቶ ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሆኑ።

ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ ደግሞ የማዳጋስካሩ ዘመዱ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ሙቀትና እርጥበት በማይለየው የቆላ ደን ውስጥ፣ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ዛፍ ላይ፣ ብርሃንና ነፋስ በሚደርስበት ግንድ ይበቅላል። አበባው ነጭ ኮከብ ነው፤ ከኋላው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ወለላው ያለው ከቱቦው ግርጌ ብቻ ሲሆን፣ መዓዛውም የሚያውደው ሲመሽ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ይህን አበባ አይቶ፣ ምላሷ እስከዚያ የሚደርስ የእሳት እራት መኖር አለባት ሲል እ.ኤ.አ. በ1862 ጻፈ። እንዲህ ያለችው እራት በ1903 ስም ሲወጣላት እሱ ከሞተ 21 ዓመት አልፎት ነበር። አበባው ግን የማንንም ማረጋገጫ አልጠበቀም፤ እራቷ በየሌሊቱ እየመጣች ወለላዋን ትጠጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእታለም ላስረዳት ቃላት ስመርጥ የዘሩ ነገር ትዝ አለኝ። የኦርኪድ ዘር እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም፤ ካረፈበት ቅርፊት ላይ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። እንግዲህ ኩሩው ኦርኪድም ጉዞውን የጀመረው በሰው እንጀራ ነው ማለት ነው። እሱስ በጨቅላነቱ ነው፤ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ቢሆንም ስለ ሥሩ ብቻ ልነግራት ቆርጬ ወደ ሳሎን ወጣሁ። «ደግ መጣህ፤ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችኝ። በልቼ ተመለስሁ።