የክረምት ድብርትና የረጠበ ወረቀት

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ነሐሴ ነው፣ ጅማ ነው፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ወሬው ሰለቸኝና ተነስቼ መደርደሪያው ጋ ቆምኩ። አንዱን መጽሐፍ ስስበው ያ ሽታ መጣ። ታውቁታላችሁ፤ የሻጋታ ሽታ።

የኛ አየር ለቡናው እንጂ ለወረቀት የተፈጠረ አይደለም። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ሻጋታ ይመቸዋል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ክረምት ላይ እዚህ ከዚያ በታች የሚወርድበት ሰዓት ካለ ተኝቼ ሳለሁ ነው። በዚያ ላይ ብል አለ፣ ምስጥ አለ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ አለ። ይኼ ቀስ እያለ የሚበላ ጥፋት ነው፤ ዜና አይሆንም።

ዜና የሚሆነው የጣሊያኗ ፍሎረንስ ጎርፍ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966 አርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች ተጎዱ። ውኃው ንጹሕ ውኃ እንኳን አልነበረም፤ ጭቃና የማሞቂያ ናፍታ የተቀላቀለበት ነው። ከየአገሩ ወጣቶች ጎርፈው መጡ፤ ተሰልፈው በጭቃ የተለወሰውን መጽሐፍ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አወጡት። «የጭቃ መላእክት» የሚል ስም ወጣላቸው። ከዚያ የት ቢያደርቁት ጥሩ ነው? የትንባሆ ማድረቂያ ቤት ውስጥ!

እዚህ ላይ ድብርቴ ለቀቀኝ። ትንባሆ ማድረቂያ ከሆነ እኛ የቡና ማድረቂያ አልጋ አለን። አጎቴ ቡና ሲያደርቅ ላየው ሰው ትምህርት ነው። በስሱ ያሰጣል፣ ቶሎ ቶሎ ያገላብጣል፣ ቀትር ላይ ይሸፍናል፣ ደመና ሲያይ ይሮጣል። ያልተገላበጠ ቡና እንደሚሻግት ማንም አይነግረውም። ለመጽሐፍ ፀሐዩን ብቻ መተው ነው፤ ፀሐይ ሽፋኑን ያጣምመዋል፣ ገጹን ያጨማድደዋል። ጥላ፣ ነፋስና የማይሰለች እጅ ከተገኘ ይበቃል።

ችግሩ ብዛቱ ላይ ነው። የረጠበ ወረቀት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ መሻገት ይጀምራል። ያ ሥዕል የሚበዛበት አንጸባራቂ ወረቀት ደግሞ እንዲሁ ከደረቀ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ ይቀራል፤ ማላቀቅ አይታሰብም። ስለዚህ ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል፤ ጊዜ የሚገዛው ደግሞ በማቀዝቀዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሎስ አንጀለስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ከእሳቱ የተረፈውን የማጥፊያው ውኃ አበሰበሰው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ ረጠበ። ሰብስበው የምግብ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ከተቱት። በኋላ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በረዶው ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ እንዲወጣ ተደረገ።

ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 የሳይንስ አካዳሚው ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ ሕዝቡ የረጠበውን መጽሐፍ ቤቱ ወስዶ እንዲያደርቅ ተለመነ። ወሰዱ፣ አደረቁ፣ መለሱ። መለሱ! እኔ በበጋ፣ ደርቆ ያለ መጽሐፍ አውሼ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። (መ.፣ ይኼን ካነበብሽ አንቺን ነው።)

ባለሙያዎቹ ሌላም የሚሉት ነገር አለ። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ምን እንደሚወጣ ቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ውኃው ጉልበት ላይ ደርሶ ምርጫ የለም። ወረቀት አምጥቼ የራሴን ዝርዝር ጀመርኩ። የምወዳቸውን ልቦለዶች ጻፍኩ። ከዚያ ሰረዝኳቸው። እነሱማ አዲስ አበባ የመንገድ ሻጭ ዘንድ ይገኛሉ። ቆንጆ ሽፋን ያለው ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ወንድም አለው። መቅደም ያለበት አስቀያሚው ነው። በማባዣ ማሽን የተባዛ የድሮ ሪፖርት፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ ማንም የማይዋሰው ነገር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የጓደኛዬ የሀ. አያት ሣጥን። ጅማ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የእስልምና ትምህርት አገር ነች፤ በየቤቱ በእጅ የተጻፈ ኪታብ አለ፣ አረብኛው አለ፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛም አለ። የአያትየው ሣጥን ግድግዳ ተጠግቶ ነው የተቀመጠው፤ ግድግዳው ደግሞ ክረምት ላይ ያልባል። አንድ ጊዜ «አባ፣ ትንሽ ከፍ ብናደርገውስ?» ብያቸው ነበር። «ልጄ፣ ከእኔ በፊትም እዚሁ ነበር» አሉኝ። ምን ይመለሳል?

እና አሁን የዝርዝሬ አንደኛ ላይ የተጻፈው የእኔ ያልሆነ፣ ማንም አድኚው ያላለኝ፣ ማንበብ እንኳን የማልችለው ሣጥን ነው። ያለኝ መሣሪያ ደግሞ አንድ ፍሪጅ። ላይኛው ክፍል ሥጋው ከወጣለት አንድ ኪታብ ቢይዝ ነው። እሺ፣ ሥጋውን አወጣሁት እንበል። መብራት ሲሄድስ?